የነገሳ ሜትርና የእሁድ ፀሐይ

ባለቤቴ ነገሳ ብርሃን ይለካል። ያውም የሚታየውን ብርሃን አይደለም፤ የማይታየውን። ይህን ለሰው ማስረዳት ካቃተኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የእድር ሴቶች «ባልሽ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ ድሮ ድሮ ቁጭ ብዬ ለማስረዳት እሞክር ነበር፤ አሁን ግን «ኤሌክትሪሺያን ነው» ብዬ እገላገላለሁ። ችግሩ፣ በሰፈሩ የማንም ሶኬት በተቃጠለ ቁጥር የሚደወለው ለኔ ነው።

ነገሳ የተወለደው እዚሁ የካ ነው። አባቱ ገብስና ባቄላ ያመርቱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። በዚያ ባለፍን ቁጥር ቆም ይልና «ይሄኛው ብሎክ የአባዬ ባቄላ ነበር» ይለኛል። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡት ሴቶች ቤታቸውን የሚገዛ ደላላ መስሏቸው በጥርጣሬ ያዩታል። ወጣት ሳለ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሮኒክስ ተማረ፣ ጉርድ ሾላ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲጠግን ቆየ፣ ከዚያ የሕክምና ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት ቀጠረው። አሁን በግሉ ነው የሚሠራው። ጥቁር ቦርሳውን ያንጠለጥልና ክሊኒክ ለክሊኒክ፣ የውሃ ማሸጊያ ለውሃ ማሸጊያ ይዞራል።

ቦርሳው ውስጥ ያለው ሜትሩ ነው። እኔ ስሙን ያወቅሁት ከተጋባን በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር መለኪያ ይባላል። ቤታችን ውስጥ ግን «ሜትሩ» ነው፤ ሌላ ሜትር ያለን ይመስል። ሜትሩ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስልክ የሚያክል፣ ቁጥር የሚያሳይ ሳጥን ነው። ሌላው በገመድ የተያያዘ ጭንቅላት ነው፤ የጃኬት ቁልፍ የምታክል ነጭ ክብ መስኮት አለችው። ብርሃኑ በዚያች መስኮት ይገባል። ከሥሯ ማጣሪያ አለ፤ የሚፈለገውን ጨረር ብቻ ያሳልፍና ሌላውን «አንተ እዚያው ቆይ» ይለዋል፤ ልክ እንደ ቢሯችን ጥበቃ። ከማጣሪያው ሥር ደግሞ ትንሽዬ ቺፕ ተቀምጣለች። ጨረሩ ሲነካት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ብዙ ሲነካት ብዙ፣ ጥቂት ሲነካት ጥቂት። ሳጥኑ ያቺን ኤሌክትሪክ ይቀበልና ወደ ቁጥር ይለውጣታል። ነገሩ ይኸው ነው። ነገሳ ግን ሲያስረዳ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።

ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ የውሃ ማሸጊያዎቹን ማየት ነው። ውሃው ከመታሸጉ በፊት ጀርሙን በሚገድል አልትራቫዮሌት መብራት አጠገብ ያልፋል። መብራቱ ሲያረጅ ሰማያዊ ፍካቱ እንዳለ ይቀራል፤ ዋናው፣ ዓይን የማያየው ጨረር ግን ተሟጥጧል። ነገሳ ይለካና «ይሄ መብራት ሞቷል» ይላል። የማሸጊያው ባለቤት ይቆጣል፤ «ይበራል እኮ!» ነገሳ በትሕትና «የሚበራው ለዓይንዎ ነው» ይላል። ሁሌም አንድ ዓይነት ንግግር ነው። ስንት ባለሀብት፣ ስንት ሥራ አስኪያጅ «ይበራል እኮ» ብሎ ተጨቃጭቆታል መሰላችሁ። እሱ ግን ወይ ፍንክች። «ዓይን ይሸወዳል፣ ሜትር አይዋሽም» ይላል። ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ብቆጥር ኖሮ እስካሁን አብጄ ነበር።

እንግዲህ ስለኔ ደግሞ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ሶሬቲ እባላለሁ። የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። ወረቀት እንዳይቀደድ፣ እንዳይረጥብ፣ አይጥ እንዳይቀምሰው መጠበቅ ነው ሥራዬ፤ ላሚኔት ማድረጊያዋ ማሽን ከጎኔ አትለይም። ይህ አመል ቤትም ተከትሎኝ ገብቷል። የቴሌቪዥናችን ሪሞት ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም። ሶፋው ልብስ አለው፣ የሶፋው ልብስም ልብስ አለው። ፍሪጁ አናቱ ላይ ዳንቴል፣ እጀታው ላይ ጨርቅ አለ። ልጃችን ጂቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስትመለስ በር ላይ ቆማ «እማዬ፣ እኔንም አንድ ቀን ላሚኔት ታደርጊኛለሽ» ብላኛለች። ሳቅኩ እንጂ አላፈርኩም። ዕቃ የሚያከብር ሰው ዕቃው ያከብረዋል ብዬ ነው የማምነው።

ከኛ ቤት ሦስት በር ዝቅ ብላ ሩሃማ የምትባል የኬጂ አስተማሪ ትኖራለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ከቀኝ ዓይኗ ጥግ ላይ ለምጽ ጀመራት፤ ቀስ እያለ ወደ ጉንጯ ወረደ። ያቺ ሳቂታ ልጅ በሻሽ ተሸፋፍና፣ መሬት መሬት እያየች መሄድ ጀመረች። እኔ ደግሞ ነገር ካየሁ ዝም አልልም። ነገሳ ከሚለካባቸው ክሊኒኮች አንዱ ጉርድ ሾላ ያለ የቆዳ ክሊኒክ ነው፤ ለምጽን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያክማሉ። ሦስት ወር ሙሉ ነዘነዝኳት። በመጨረሻ እጇን ይዤ ወሰድኳት። ራሴ ነኝ የወሰድኳት፤ ይህን ያዙልኝ።

ሕክምናው ቀላል ይመስላል። ቁም ሳጥን የሚያክል፣ ውስጡ ረጃጅም መብራቶች የተደረደሩበት ክፍል ውስጥ ዓይኗን በመነጽር ሸፍና ትቆማለች፤ ለጥቂት ሰከንዶች ይበራል፤ ይጠፋል፤ ትወጣለች። በስምንተኛው ወር ነጩ ጉንጯ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ አለ፤ ሰሊጥ የተበተነበት ይመስል ነበር። ዶክተር በአምላክ «ቀለምሽ እየተመለሰ ነው» ሲላት ደውላ አለቀሰችልኝ። እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን ሻሹን አውልቃ ነው ወደ ቤቷ የገባችው።

ችግሩ ብርሃኑ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ልክ አለው። ካነሰ አይሠራም፤ ከበዛ ያቃጥላል። የለምጽ ቆዳ ደግሞ ከተቃጠለ ሌላ ለምጽ ሊጠራ ይችላል፤ የስምንት ወር ሰሊጥ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሰከንዱን የሚወስነው የነገሳ ሜትር ነው። እሱ የመብራቱን ኃይል ይለካል፣ ነርሷ ሲስተር ሐቢባ በሱ ቁጥር ሰከንዱን ታሰላለች። መብራቱ ስድስት ካለ ሩሃማ መቶ ሰከንድ ትቆማለች። መብራቱ ደክሞ ሦስት ካለ ሁለት መቶ ሰከንድ። የሕፃን ሒሳብ ነው፤ ቁጥሩ ልክ እስከሆነ ድረስ።

ሜትሩም ራሱ ሐኪም ያስፈልገዋል። በየጊዜው ውጭ አገር ይላክና ካሊብሬት ተደርጎ ይመጣል፤ ማለትም ልክነቱ ይመረመራል። ዘንድሮ ሁለት ወር ቆየ። ነገሳ በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው መሰለ። የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ፣ አንድ ሰኞ ቀን መጣለት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ያየው ጀመር። ቴምብሩን አሳየኝ፣ የምስክር ወረቀቱን አነበበልኝ። ደስታው ተጋባብኝና አንድ ነገር ላደርግለት ፈለግኩ።

ሐሙስ ዕለት እሱ ለቅሶ ቤት ሲሄድ ሜትሩን በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ጉርድ ሾላ ቶፊቅ ዘንድ ሄድኩ። ቶፊቅ የስልክ ሽፋንና ስክሪን ፕሮቴክተር የሚሸጥ፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነው። የቤታችንን ስልኮች ሁሉ ያለበሰው እሱ ነው።

«እትዬ ሶሬቲ፣ ይቺ ደግሞ ምንድናት?» አለኝ ነጯን መስኮት እያየ።

«የባለቤቴ ሥራ ናት። እንዳትቧጠጥ ፈርቼ ነው።»

መሳቢያውን ከፈተና ከካሜራ ሌንስ መከላከያዎቹ መካከል ያንገዋልል ጀመር። «ኧረ ይቺማ ልኳ አለች!» አለ። እውነትም ልኳ ነበረች። በአልኮል ጠረገ፣ ለጠፈ፣ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። መስታወቷ እንደ ውሃ የጠራች ናት፤ መኖሯም አይታወቅም። ሁለተኛዋን «ብትሰበር መቀየሪያ» ብሎ በነጻ ጨመረልኝ። ቤት ተመልሼ ሜትሩን እንደነበረ አስቀመጥኩት። ለነገሳ ልነግረው ነበር፤ ግን ራሱ አይቶ ይደነቅ አልኩ። ነገሳ ደግሞ ያለ መነጽር ሳህኑ ላይ ያለውን ወጥ እንኳ የማይለይ ሰው ነው።

ዓርብ ክሊኒኩ ሄዶ ለካ። ማታ ፊቱን ቋጥሮ ገባ።

«መብራቶቹ ደክመዋል» አለኝ። «ስድስት የነበረው ሦስት ሆኖ አገኘሁት።»

«ይበራሉ እኮ» አልኩ፤ አፌ ላይ መጣብኝ።

«አንቺም?» አለና በትዝብት አየኝ። «አዲስ መብራት እስኪመጣ ሰከንዱን እጥፍ አድርጊ ብያታለሁ ሲስተር ሐቢባን። በሁለት ወር ግማሽ በግማሽ መውረዱ ይገርማል። ግን ሜትር አይዋሽም።»

እኔ ሽሮውን አቀረብኩ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ቶፊቅ ትዝ እንኳ አላለኝም። በኔ ቤት መሸፈን መጠበቅ ነው፤ የሸፈንኩት ነገር ይጎዳል ብሎ የሚያስብ አእምሮ አልነበረኝም።

የክሊኒኩ የብርሃን ክፍል የሚሠራው እሮብና እሁድ ነው። ሩሃማ እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ የመጀመሪያዋ ናት።

እሁድ እሁድ ደግሞ እኛ እንጦጦ እንወጣለን። ሰው እንጦጦ ፓርክ የሚወጣው ፎቶ ለመነሣት፣ ብስክሌት ለመንዳት፣ ፍቅረኛውን ለማናፈስ ነው። የኔ ባል የሚወጣው ፀሐይ ለመለካት ነው። ይህን ልማድ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አይጠይቀውም። ፀሐይም አልትራቫዮሌት አላት፤ ከፍ ባሉ ቁጥር ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ቆዳ ትበላለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ የታወቀች ገላጣ ቦታ አለችው፣ እዚያ ቆሞ ይለካና በሰማያዊ ደብተሩ ይመዘግባል። የሚያልፉ ጎረምሶች ሁሌም ይጠይቁታል፤ «ጋሼ፣ ምንድነው የሚለኩት?» «ፀሐይዋን።» «ስንት ሆነች?» ይነግራቸዋል። «ጨምራለች ማለት ነው?» ብለው እየሳቁ ይሄዳሉ።

ያ እሁድ መጋቢት ሰባት ነበር፤ ሰማዩ ላይ የእጅ መሐረብ የምታክል ደመና አልነበረችም። ጂቱም ለእረፍት መጥታ አብራን ነበረች። ሁላችንም ጾመኛ ስለሆንን የምስር ሳንቡሳ ይዘናል። እኔ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ጨርቅ አንጥፌ ሳንቡሳውን ስዘረጋ ነገሳ ሜትሩን ለፀሐይ ያዘው።

«ዜሮ ነጥብ ሁለት» አለ። እንደገና ያዘው። «ዜሮ ነጥብ ሁለት።»

ደብተሩን ገለጠ። ባለፈው ዓመት መጋቢት፣ ጥርት ባለ ሰማይ፣ ዜሮ ነጥብ አራት። ካቻምና መጋቢት፣ ዜሮ ነጥብ አራት። የዛሬ ሦስት ዓመትም እንደዚያው።

«ሶሬ፣ ዘንድሮ ፀሐይዋም ደክማለች» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። «ቆይ» አለ። «የክሊኒኩ መብራት ግማሽ። ፀሐይም ግማሽ። መብራትስ ይደክማል። ፀሐይ በሁለት ወር አትደክምም።»

«አባዬ፣ እና ሜትሩ ነው የሳተው እያልክ ነው?» አለች ጂቱ።

ይህን ጥያቄ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በቤታችን የደፈረ የለም። ነገሳ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አወረደና የሜትሩን ጭንቅላት ዓይኑ ሥር አስጠጋው። በጥፍሩ ጠርዙን ዳሰሰ። ነገሳ ሲደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድመዋል።

«ማል ካና?» አለ። ምንድነው ይሄ?

ጥፍሩን አስገባና አነሣት። ትንሿ መስታወት ጣቱ ላይ ተለጥፋ ወጣች፤ ፀሐይ ላይ ብልጭ አለች። ሜትሩን መልሶ ያዘ። ዜሮ ነጥብ አራት።

የቶፊቅ መስታወት ናት። እናንተ አታውቁኝም፤ እኔ ለቅሶ ቤት እንኳ ዝም የማልል ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን ሳንቡሳውን መልሼ መደርደር ጀመርኩ።

«መብራቶቹ ደህና ናቸው ማለት ነው» አለ ነገሳ ለራሱ። «ስድስት ናቸው። እኔ ደግሞ ሁለት መቶ ሰከንድ በሉ ብያለሁ።» ቀና አለ። «ሩሃማ ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት» አለች ጂቱ። «አሁን ሰባት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው።»

ወደ ሲስተር ሐቢባ ደወለ፤ አታነሳም፤ ሥራ ላይ ስልኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምትቆልፈው። የክሊኒኩ መደበኛ ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። እኔ ወደ ሩሃማ ደወልኩ። እሷ ደግሞ እሁድ እሁድ ስልክ አታነሳም፤ «ለራሴ የምሰጠው ቀን ነው» ትላለች። ሃያ ጊዜ ደወልኩላት። ሳንቡሳው እዚያው ቀረ፤ የእንጦጦ ወፎች ያን ቀን የጾም ምሳ ሳይበሉ አልቀሩም። ብቻ ቁልቁል ሮጥን።

ፓርኩ በር ላይ አንድ ኮንትራት ታክሲ አገኘን። ሾፌሩ ሽማግሌ፣ ጠባዩ የረጋ ሰው ነው፤ በያንዳንዱ ኩርባ ፍሬን ይይዛል። ሌላ ቀን ቢሆን እመርቀው ነበር። ያን ቀን ግን «አባቴ፣ እባክዎ ይንዱት!» እያልኩ ከኋላ ወንበሩን ስገፋ ዋልኩ።

ነገሳ ከፊት ተቀምጧል። መስታወቷን በደብተሩ መካከል አድርጎ በሁለት እጁ ይዟታል። ማን ለጠፋት ብሎ አልጠየቀም። አንድ ጊዜ እንኳ ዞሮ አላየኝም። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነው፤ ውስጡ ሁለተኛዋ መስታወት፣ መቀየሪያዋ፣ ከነማሸጊያዋ አለች። ልንገረው እልና የቦርሳዬን ዚፕ መልሼ እዘጋለሁ። የማስበው የሩሃማን ጉንጭ ነው። ያንን ሰሊጥ ነው። እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ፣ አሁን ደግሞ የማቃጥላት እኔ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

መገናኛ ጋ መኪና ተጨናንቆ ነበር። ጉርድ ሾላ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ከሦስት ሆኗል። ነገሳ ታክሲው በደንብ ሳይቆም ወረደ። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱንም ያመዋል፤ ሦስት ፎቅ ደረጃ እንዴት እንደወጣው እስካሁን አይገባኝም። እኔ በሁለተኛው ፎቅ ላይ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ጂቱ ሁለታችንንም ቀድማ በሩን ስትከፍት የማሽኑ እምምም የሚለው ድምፅ ይሰማል። ከማሽኑ በር ሥር ሰማያዊው ብርሃን ይታያል። ይበራል።

«ሲስተር! አጥፊው!» ነገሳ ጮኸ።

ሲስተር ሐቢባ የረመዳን ጾም ያደከማት ብትሆንም እጇ ፈጣን ነው፤ አልጠየቀችም፣ ቀዩን ቁልፍ መታችው። ድምፁ ቆመ። ከሁለት መቶ ወደ ታች የሚቆጥረው ቆጣሪ ላይ መቶ ስምንት የሚል ቁጥር ቀርቷል።

ነገሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቀነሰ። «ዘጠና ሁለት» አለ። «ዘጠና ሁለት ሰከንድ ነው የቆመችው።» ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ዶክተር በአምላክ ከቢሮው ወጣ። ወጣት ነው፤ ነገሳን የሚያከብረው ግን እንደ አባቱ ነው። «ጋሽ ነገሳ፣ ምን ተፈጠረ?»

ነገሳ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ መስታወቷን ከደብተሩ አውጥቶ አሳየው። «ይቺ ሴንሰሩ ላይ ነበረች። ግማሹን ጨረር አስቀርታብኝ ነው ያሳሳተችኝ። መብራታችሁ ደህና ነው። ስህተቱ የኔ ነው።»

«ካሊብሬት ያደረጉት ሰዎች ናቸው የለጠፏት?»

እስቲ አስቡት። አዎ ቢል በቃ ነበር። የውጭ አገር ሰው፣ ስሙ የማይታወቅ፣ የማይጠየቅ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቆሜ፣ ልቤ አዎ በል እያለ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ነበር የተመኘሁት።

«ማንም ይለጥፋት» አለ ነገሳ። «ፀሐይ ላይ ሳልፈትሽ የመጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ላይ የሚበራ ነገር ነው። እኔ ነኝ ማየት የነበረብኝ።»

የዚያን ጊዜ እግሬ ራሱ ወደ ፊት ሄደ። ቦርሳዬን ከፍቼ ሁለተኛዋን መስታወት ከነማሸጊያዋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ቶፊቅ ዘንድ ወስጄ ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት። እንዳይቧጠጥበት ብዬ።»

 ሩሃማ ጋውን ለብሳ፣ መነጽሩን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የማሽኑ በር ላይ ቆማ ኖሯል። ሁሉንም ሰምታለች።

«እትዬ ሶሬቲ» አለች በቀስታ። «ለምን?»

መልስ ያለኝ መሰለኝ። «ሪሞቱ በላስቲክ ውስጥ ይሠራል እኮ!» አልኩ።

ሲስተር ሐቢባ አፏን በክንዷ ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጂቱ ጮክ ብላ ሳቀች። ዶክተሩም ሳቁን ለመደበቅ ወረቀት ፈለገ። ሩሃማ ግን አልሳቀችም። እጇን ቀስ ብላ አነሣችና ጉንጯን ነካች። ያ ነው ልቤን የወጋኝ። ሳቃቸው ምንም አላደረገኝም፤ ያቺ እጅ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ዶክተር በአምላክ አየት አድርጓት «ከልክሽ አላለፈም» አላት። «ግን እስከ ነገ ጠዋት መቅላቱን እናያለን። ቢቀላ ወዲያው ደውይልኝ።»

በእግራችን ነው የተመለስነው፤ ጂቱ ጓደኞቿ ጋ ሄደች።  መገናኛ ስንደርስ እኔ አልቻልኩም።

«ለምንድነው ማን ለጠፋት ብለህ ያልጠየቅከኝ?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ?» አለ። «እንጦጦ ላይ ገና ሳያት አውቄሻለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ሽፋን የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅኩ፣ ሳቄ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ። ክንዴን ያዘኝ። ከዚያ እየሄድን ያስረዳኝ ጀመር፤ ሪሞት የሚልከው ጨረር ሌላ ነው፣ እሱ በላስቲክ ያልፋል፤ የሜትሩ ግን በተራ መስታወት ሲያልፍ ይጎድላል፤ ለዓይን የጠራ ሁሉ ለጨረር የጠራ አይደለም። እስከ ቤታችን በር ድረስ አወራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላቋርጠው ሰማሁት። ገባኝም። ከዚያም በሩ ላይ ቆሞ «እኔም ሃያ ሁለት ዓመት ሜትር አይዋሽም ስል ኖሬ» አለና ቃሉን አልጨረሰውም።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ላሚኔት ማድረጊያዋን አብርቼ ተቀመጥኩ። ስልኬን አየሁት። ሁለት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩት። አራት ሰዓት ላይ፣ ኬጂው እረፍት ሲወጣ ጠብቄ ደወልኩ። ከጀርባዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«ሩሃማዬ፣ እንዴት አደረ ፊትሽ?»

«እትዬ ሶሬቲ፣ ደህና ነው። እንደ ሁልጊዜው ሮዝ ብሏል እንጂ አልቀላም። ዶክተሩም በፎቶ አይቶታል።» ልጆቹን «ቀስ በሉ!» አለችና ተመለሰችልኝ። «ደግሞ ዛሬ አንዷ ተማሪዬ ምን አለችኝ መሰልዎት? ጭኔ ላይ ወጥታ እየቆጠረች፣ ቲቸር፣ ፊትሽ ላይ አዲስ ነጥብ አለ አለችኝ። በመስተዋት ሳየው እውነቷን ነው። አንድ ጨምሯል።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባዶ ወረቀት ማሽኑ ውስጥ አስገብቼ ላሚኔት አድርጌ ነበር፤ አለቃዬ አንስቶ በሁለቱም በኩል አየውና መለሰልኝ።

አሁን ነገሳ ሜትሩን ለፀሐይ ሳያሳይ የማንም ክሊኒክ በር አያልፍም። ሲስተር ሐቢባም «ፀሐይ ላይ ታይቷል?» ሳትል አታስገባውም። ሪሞቱን ከነላስቲኩ ትቼዋለሁ፤ ነገሳ ራሱ «እሱን ተይው፣ ይሠራል» ብሎኛል። ሶፋውን ገና እያሰብኩበት ነው።

ደብተሩን ያየሁት በሳምንቱ ነው። መጋቢት ሰባት ከሚለው ቀን ፊት ለፊት ያቺን ትንሽ መስታወት በፕላስተር ለጥፏታል። ከሥሯ በዚያ በማይነበብ እጅ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ «እንጦጦ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሰማይ ጥርት ያለ። ፀሐይ ዜሮ ነጥብ አራት። ከሶሬ ጋር ዜሮ ነጥብ ሁለት። ሩሃማ ዘጠና ሁለት ሰከንድ፣ ደህና።»

«ይቺን ሰርዝልኝ» ብዬ ለመንኩት። አሻፈረኝ አለ። ቢቸግረኝ ደብተሩን ቢሮ ይዤ ሄድኩና ወፍራም ላስቲክ አለበስኩት። ሲያየው ደነገጠ።

«አይዞህ» አልኩት። «ይሄ የሚነበበው በዓይን ነው።»